ቤዙን ማን በላው?

ለቤቴ የምሠራውን የሙዚቃ አምፕሊፋየር ሳልጀምር ካፓሲተር ገዛሁ። ትራንስፎርመር የለኝም። ቺፑን የሚያቀዘቅዘው ብረት፣ ሂት ሲንክ፣ የለኝም። ቦርዱ ገና አልተሠራም። ግን አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ቢጫ ፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ካፓሲተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ተኝተዋል። ቤት ሳይሠሩ መጋረጃ መግዛት ማለት ይኼ ነው።

“0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት” ይላል ጎናቸው ላይ። የመጀመሪያው መጠናቸው ነው፣ ሁለተኛው የሚችሉት ቮልቴጅ። ለምን 0.1? ለምን 630? ያኔ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። “ድምፃቸው ክፍት ነው”፣ “አየር አላቸው” ሲባል ሰምቼ ነው የገዛኋቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የምሠራው ኤልኤም 3886 በሚባል ቺፕ ነበር። ለጀማሪ ደግ ቺፕ ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 28 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 68 ዋት ይሰጣል ይላል። ለቤት ይተርፋል። ዙሪያው የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ሬዚስተር፣ ጥቂት ካፓሲተር። በሬዚስተሮቹ ብዙ ሰው ሲጨቃጨቅ አልሰማሁም። ካፓሲተር ላይ ሲደርሱ ግን ወዳጅ ከወዳጁ ይኳረፋል።

ነገሩ ራሱ ቀላል ነው። ሁለት ብረት፣ መሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር። ቻርጅ ያጠራቅማል። ዲሲን (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን) ያግዳል፣ ኤሲን (ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰውን) ያሳልፋል። ሲያሳልፍም እኩል አያይም፤ ፈጣኑን ፍሪኩዌንሲ እንደልቡ ይለቀዋል፣ ዝግተኛውን ይዞ ያስቸግረዋል። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አስታውሱልኝ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ግን ስለፈነዳው ላውራ።

የሙዚቃው ምልክት ለሚያልፍበት ቦታ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሼ፣ ለፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ለሚመግበው ክፍል) እጄ ላይ የነበረውን ኤሌክትሮሊቲክ የሚባል የጣሳ ካፓሲተር አደረግኩ። ሁለት ጣሳ፣ እያንዳንዳቸው 4700 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት። ትራንስፎርመሩ ላይ 25 ቮልት ተጽፏል። 25 ከ35 ያንሳል። አለቀ።

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ምሽት አንዱ ጣሳ አናቱ ላይ አበጠ። እነዚህ ጣሳዎች አናታቸው ላይ የመስቀል ቅርፅ የተጫረ መስመር አላቸው፤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግፊት ሲበዛ በዚያ በኩል እንዲተነፍስ ሆን ተብሎ የሳሳ ቦታ ነው። ተነፈሰ። “ፍስስስ” አለ፣ ቀጥሎ ቤቱን የሞላው ሽታ መጣ። የዓሣና የተቃጠለ ፕላስቲክ ቅልቅል ይመስላል። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ በር ላይ ቆምኩ።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ሥራዋ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጥገና ነው። ደወልኩላት።

“ቮልቴጁን ለክተኸዋል?” አለች።

“ትራንስፎርመሩ ላይ 25 ተጽፏል እኮ።”

“እሱ ኤሲ ነው። በ1.41 አባዛው።”

አባዛሁ። 35.3 ወጣ። ዝም አልኩ።

“እሱም ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን ነው” ቀጠለች። “ሙዚቃ በሌለበት ሰዓት ትራንስፎርመር ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል። የግድግዳው መስመርም ከፍ ያለ ቀን አለ። በል ለካና ንገረኝ።”

ደህና የቀረውን ጎን ለካሁ። 39.2 ቮልት። ካፓሲተሩ 35 ነው የሚችለው። ሁለት ቀን መቆየቱም ትዕግሥቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን በጭንቅላቴ ነው የምሠራው። የኤሲውን ቁጥር በ1.41 አባዛለሁ፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዳዮድ የሚበላውን አንድ ቮልት ገደማ እረሳዋለሁ፤ ከላይ አንድ 10 ከመቶ እጨምራለሁ፤ ከዚያ ከሚወጣው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን በደንብ የሚያልፈውን እወስዳለሁ። ለ25 ቮልት ትራንስፎርመር 50 ቮልት ካፓሲተር ይስማማል። 63 ብታደርጉም አይጎዳም፣ ጣሳው ይወፍራል እንጂ።

መጠኑስ? ከዳዮዱ በኋላ ያለው ቮልቴጅ ለጥ ያለ ሜዳ አይደለም፤ ኮረብታ ነው። መስመሩ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር፣ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፣ በየመሃሉ ስፒከሩ ይጠጣዋል። 2 አምፒር እየተጠጣ ካፓሲተሩ 4700 ማይክሮፋራድ ከሆነ፣ ቮልቴጁ በየዙሩ እስከ 4 ቮልት ገደማ ይወርዳል። በ10,000 ማይክሮፋራድ ወደ 2 ይጠጋል። ለአንድ ቺፕ በየጎኑ 10,000 በቂ ነው ባይ ነኝ። 50,000 የሚደረድሩ አሉ። ያን ያህል ሲሆን ደግሞ ሲበራ የሚስበው ከረንት ፊውዝ ይበላል፤ ዳዮዶቹም በአጭር አጭር ምት ነው የሚሞሉት፤ ያ ምት በአቅራቢያው ባለ ሽቦ ሁሉ ላይ “ዝዝዝ” ብሎ ይጋባል። ታንከር ስላተለቅን ውኃ አይበዛም።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር፤ እጅ ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ። 10,000 ማይክሮፋራድ በ39 ቮልት 7.6 ጁል ይይዛል። 1 ኪሎ ድንጋይ ከ78 ሳንቲሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚያመጣው ጉልበት ማለት ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ ሽፋኑን ብትከፍቱም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። እኔ መጀመሪያ በካቻቢቴ ጫፍ አገናኘሁት። “ጧ!” አለ፤ ካቻቢቴው እስከ ዛሬ ጫፉ ላይ ጠባሳ አለው። አሁን 100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሽቦ ይዤ 5 ሰከንድ ያህል አስነካዋለሁ፤ በሰላም ይወርዳል። በቋሚነት ደግሞ በየካፓሲተሩ ትከሻ ላይ 3.3 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር በየድኩ። አጥፍቼ ሁለት ተኩል ደቂቃ ስጠብቅ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ባዶ ስል ባዶም አይደለም። አንድ ቀን ያለ ሬዚስተር የተቀመጠ ጣሳ እግሮቹን አገናኝቼ ዜሮ አደረስኩት፤ ከዚያ መልቲሜትሩን ሰክቼ ተውኩት። 0.1 አለ። 0.3። 0.5። ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይሞላል! መሃል ላይ ያለው ቁስ ውስጡ የቀረውን ቻርጅ ቀስ እያለ ስለሚመልስ ነው። ካፓሲተር ቂመኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም ጠባዩን ያወቁት በመመታት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1745 ክላይስት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ሙሸንብሩክ፣ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሲያንቀጠቅጣቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ጣሳ በ50 ቮልት ቀየርኩ። በዚህ ጊዜ ጣሳው ላይ ያለውን ግርፍ መስመር ሁለቴ አየሁት፤ በኤሌክትሮሊቲክ ላይ መስመሩ ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው። ታንታለም የሚባለው ዘር ደግሞ በግልባጩ ፖዘቲቩን ነው የሚያመለክተው፤ ማን እንዲህ እንደወሰነ አላውቅም፣ ግን ሰው ያስለቅሳል። አበራሁ። አልፈነዳም። ሙዚቃ መጣ።

አቤት ደስታዬ!

ድምፁ ንፁህ ነበር። የዘፋኟ ትንፋሽ ይሰማል። የጊታር ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት ይሰማል። “ይኼ ነው ክፍት ድምፅ የሚሉት” አልኩ። ሁለቱን ቢጫ ካፓሲተሮች በኩራት አየኋቸው። መግቢያው ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ እንደ ሁለት ዘበኛ ተጋድመዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመጣ ሁሉ ሽፋኑን እየከፈትኩ አሳየሁ።

ከዚያ ጓደኛዬ መጣች። ቁጭ ብላ አንድ ዘፈን ሰማች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ፊቷ ጨፈገገ።

“ቤዙን ማን በላው?”

“እንዴት?”

“ይኼ ዘፈን ቤዝ አለው። እዚህ የለም። መግቢያህ ላይ ስንት ማይክሮፋራድ ነው ያለው?”

“0.1” አልኩ፤ “ፖሊፕሮፒሊን ነው!”

“የምን ፖሊፕሮፒሊን? ከኋላው ያለው ሬዚስተር ስንት ነው?”

“22 ኪሎ ኦም።”

ስልኳን አውጥታ አሰላች። ሒሳቡ አጭር ነው፤ 1ን ለ6.28 ሲባዛ በሬዚስተሩ ሲባዛ በካፓሲተሩ ማካፈል። 72 ኸርዝ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤዝ ጊታር ላይ ወፍራሟ ክር ክፍት ስትመታ 41 ኸርዝ ናት። በእኔ ውድ ካፓሲተር ስታልፍ ግማሽዋ ብቻ ነው የሚቀረው። ከበሮው ላይ የእግር ምቱ፣ ኦርጋን ላይ ወፍራም ድምፆቹ፣ ሁሉም ተላጭተዋል። እኔ “ንፁህ” ያልኩት ቤዝ የሌለበትን ድምፅ ነበር። ወፍራሙ ሲወገድ ቀጭኑ ጎልቶ ይሰማላ! የዘፋኟ ትንፋሽ የመጣው ከፖሊፕሮፒሊኑ አይደለም። ከታች የሚሸፍናት ነገር ስለጠፋ ነው።

ታዲያ 0.1 ለምን ያን ያህል ይወደሳል? የሚያወድሱት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ቱቦ አምፕሊፋየር፣ በቺፕ ፈንታ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ስላሉት፣ ነበር። እዚያ ከኋላው ያለው ሬዚስተር 470 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። 0.1 ከ470 ኪሎ ጋር 3.4 ኸርዝ ይሰጣል፤ ጆሮ ከማይደርስበት በታች። 630 ቮልቱም በቱቦ በኩል ከፊቱ የሚቆመው ዲሲ በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ ነው። እኔ ጋ ግን ሁለት ቮልት እንኳ አይነካውም። የሌላ ሰው መድኃኒት ነው የዋጥኩት።

ከሣጥኗ ውስጥ ትንሽ ቀይ ነገር አወጣች። የጣት ጥፍር አታክልም። 1 ማይክሮፋራድ፣ 63 ቮልት፣ ፖሊስተር። እዚያው በየደችው። 1 ማይክሮፋራድ ከ22 ኪሎ ጋር 7.2 ኸርዝ ነው። ዘፈኑን እንደገና ከፈትነው። ቤዙ ከወለሉ በኩል መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ምንም አላልኩም።

ሌላም ነገር ጠፋ። ትልልቆቹ ቢጫዎች እያሉ፣ ሙዚቃ ሲቆም ስስ የሆነ “እምምም” ነበር። ጣቴን ወደ አንዱ ሳስጠጋ ይጨምራል። ግዙፍ አካል፣ ስሜታዊ በሆነ መግቢያ ላይ፣ አንቴና ነው። በዙሪያው ያለውን የመስመር ኤሌክትሪክ ሁሉ ይሰበስባል። ትንሿ ቀይ ምንም አትሰበስብም።

ይኼን ስትሰሙ “እሺ መጠኑ ስለተሳሳተ ነው፣ ዓይነቱስ?” ትላላችሁ። እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው። ሽንፈት መዋጥ ከባድ ነው። 1 ማይክሮፋራድ ፖሊፕሮፒሊን አገኘሁና ከቀይዋ ጋር ላወዳድር ተነሣሁ። እያየሁ ሳወዳድር ፖሊፕሮፒሊኑ “ይበልጥ ክፍት” ነበር። በእውነት ነበር፤ እምላለሁ ነበር።

“ሳታይ እንሞክር” አለች።

አንድ ቻናል ብቻ ወሰድን። ሁለቱን ካፓሲተሮች በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አገናኘናቸው። መጠናቸውን መጀመሪያ ለካን፤ አንዱ 0.97፣ ሌላው 1.01፤ መጠን ከተለያየ የሚሰማው የመጠን ልዩነት ነው፣ ዓይነት አይደለም። ሲቀያየር “ቷ” እንዳይል ከየእግሩ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) አወረድን። እሷ ከኋላዬ ቆመች። ማብሪያውን አንዳንዴ አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ ትጫነዋለች፤ ከድምፁ እንዳልገምት። ሳንቲም እየወረወረች ነበር የምትመርጠው። እኔ “ቀይ” ወይም “ትልቁ” እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። 16 ዙር።

9 አገኘሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በዘፈቀደ ብናገር 8 ገደማ አገኝ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው። እኔ ግን ለዚያ ምሽት ብዬ ወስጄዋለሁ። በጣም የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። አራተኛው ዙር ላይ “ይኼ ትልቁ ነው፣ አየሩን ስሚው!” ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ጮህኩ። ቀይዋ ነበረች።

ይኼ ማለት ግን ካፓሲተር ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። የድሮ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋልተር ጁንግ እና ሪቻርድ ማርሽ በአንድ የኦዲዮ መጽሔት ላይ ስለ ካፓሲተር ጠባይ ጽፈው ነገሩን አጋጋሉት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሲሪል ቤትማን የሚባል መሐንዲስ የየዓይነቱን ካፓሲተር ማዛባት በጣም ረቂቅ በሆነ መለኪያ ለካ። ልዩነት አለ። የሚለካ ልዩነት ነው። ጥያቄው የት ቦታ ላይ፣ በምን ያህል ቮልቴጅ የሚለው ነው። ካፓሲተር የሚያዛባው በሁለት እግሮቹ መሃል የሙዚቃ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ነው። መጠኑ ከበቂ በላይ ከሆነ ሙዚቃው በላዩ ላይ ሳያርፍ ያልፋል፤ ያልረገጡት ወለል አይጮህም። መጠኑ ጥብብ ካለ ግን ቤዙ በላዩ ላይ ይቆማል፤ ያኔ ክፉ ዓይነት ከሆነ ይሰማል።

ክፉ ዓይነት ካልኩ፣ ለዚህ ቦታ ክፉው ኤክስ 7 አር የሚባለው ሴራሚክ ነው። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየቦርዱ አለ። ቮልቴጅ ሲያርፍበት መጠኑን ይቀንሳል፤ ከግማሽ በላይ የሚያጣም አለ። ሙዚቃ ደግሞ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ነው። እየተዋዠቀ መጠኑን ሲያዋዥቀው ማዛባት ይሆናል። በተጨማሪ ይሰማል። ማለቴ፣ ጆሮ አለው! አንድ ፕሪአምፕ (ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚቀመጥ ትንሽ ማጉያ) ላይ አድርጌው ድምፁን ከፍ አድርጌ በእርሳስ ጫፍ ቆጥ ቆጥ አደረግኩት። ስፒከሩ ውስጥ ቆጥ ቆጥ አለ። ቁሱ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሲ ዜሮ ጂ የሚባለው ሴራሚክ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሙቀትም ቮልቴጅም አያናውጠውም። ችግሩ ትልልቅ መጠን አይገኝበትም። ለጥቂት መቶ ፒኮፋራድ ቦታዎች ከእሱ በላይ አልመኝም።

ስለዚህ መግቢያ ላይ ፊልም ካፓሲተር፣ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን፣ 1 ወይም 2.2 ማይክሮፋራድ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ማሰብ። ቦታ ካለ ፖሊፕሮፒሊን አድርጉ፤ በመለኪያ ይበልጣል። እኔ ቀይዋን ትቻታለሁ። እልህ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያገኘሁት ቦታ ማንም የማያወራበት ነው። ከቺፑ ኔጋቲቭ መግቢያ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ የሚወርድ መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ካፓሲተር ተቀምጧል። ሥራው አምፕሊፋየሩ ዲሲን እንዳያጎላ መያዝ ነው። እሱን ብታወጡትና በሽቦ ብትተኩት፣ አምፕሊፋየሩ 21 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ፣ መግቢያው ላይ ያለ 10 ሚሊቮልት ስህተት ስፒከሩ ላይ 210 ሚሊቮልት ሆኖ ይወጣል። ስፒከር ዲሲ አይወድም። እኔ ዳታሺቱ ላይ እንዳለው 10 ማይክሮፋራድ አድርጌ ነበር። 10 ከ1 ኪሎ ጋር 16 ኸርዝ ነው። ይሠራል፣ ግን ጠባብ ነው፤ ኤሌክትሮሊቲክ ደግሞ ሙዚቃ እላዩ ላይ ሲያርፍ የማይታገሥ ዘር ነው። 220 ማይክሮፋራድ አደረግኩት፤ 0.7 ኸርዝ። ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ነው፣ የጣት ጫፍ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው። ውድ ገንዘቤን መግቢያ ላይ ሳፈስ ሁለተኛው በር እዚህ ክፍት ነበር።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ሙዚቃ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ሂት ሲንኩ ግን እጅ አያስነካም። ጆሮ የማይሰማው ነገር ውስጥ ውስጡን እየተንቀጠቀጠ ነው። ቺፑ በራሱ ላይ በመቶ ሺዎች ኸርዝ ይወዛወዛል። ትልልቆቹን ጣሳዎች 15 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ አድርጌ በሽቦ ነበር ያገናኘኋቸው። በወረቀት ላይ ሽቦ ዜሮ ነው። በእውነት ግን ያ ሽቦ ለፈጣን ከረንት ዳገት ነው። 10,000 ማይክሮፋራድ ከሩቅ ከሚጮህ፣ 0.1 ማይክሮፋራድ አጠገብ ቢያንሾካሹክ ይሻላል። ሁለት ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮችን፣ ጎናቸው ላይ “104” የሚል፣ በቺፑ እግር ሥር በየድኳቸው። 10 ብለው 4 ዜሮ ጨምሩበት፣ በፒኮፋራድ፤ 100 ናኖ፣ ያው 0.1 ማይክሮ ማለት ነው። እግራቸውን ቀንጥቤ ቀንጥቤ፣ ከቺፑ ግማሽ ሳንቲሜትር። ጎናቸው ደግሞ 47 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ። ሂት ሲንኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለብ ወደማለት ወረደ። እዚህ ቦታ ላይ ያ የሰደብኩት ኤክስ 7 አር ሴራሚክ ጌታ ነው። ሙዚቃ አያልፍበትም፤ የሚፈለግበት ፍጥነትና ቅርበት ብቻ ነው።

መውጫው ላይም አንድ አለች፤ 0.1 ማይክሮፋራድ ከ2.7 ኦም ጋር በተርታ፣ ከመውጫው ወደ ግራውንድ። የስልክ ማጣሪያዎች ላይ ይሠራ የነበረው ኦቶ ዞበል ስሙን ሰጥቷታል። እሷን አትተዉ። ፊልም ትሁን።

የግድግዳው መስመር ላይ የሚቀመጥ ካፓሲተር ካለ ደግሞ ክርክር የለም። ኤክስ 2 የሚል ምልክት ያለው፣ ከመስመር ወደ ብረቱ ሣጥን የሚሄድ ከሆነም ዋይ የሚል ምልክት ያለው። ሌላ ምንም። ዋይ የተባሉት ሲበላሹ ተቋርጠው እንዲቀሩ ነው የተሠሩት፤ ተራ ካፓሲተር ግን ሲበላሽ ሁለት እግሩ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቶ ሣጥኑን ኤሌክትሪክ ሊያስይዘው ይችላል።

ስለ ዕድሜ ሳልናገር አልቀርም፣ ጓደኛዬ በየቀኑ የምትከፍተው ይኼንን ስለሆነ። ኤሌክትሮሊቲክ ውስጡ ፈሳሽ አለው። ይደርቃል። ጣሳው ላይ “105 ዲግሪ” ከተባለና ዳታሺቱ 2000 ሰዓት ካለ፣ ያ በ105 ዲግሪ ላይ ነው። በየ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት። በቀን 4 ሰዓት ለሚያዳምጥ 22 ዓመት ገደማ። ያው 2000 ሰዓት፣ ግን 85 ዲግሪ የተጻፈበት ከሆነ 5 ዓመት ተኩል ነው። ሁለት ጣሳ፣ አንድ መልክ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሂት ሲንኩ ሥር ነበር የተከልኳቸው፤ ማሳደር ካልቀረ እሳት ዳር! አሁን ከሙቀቱ አርቄ 105 የተባለውን ብቻ ነው የማደርገው። አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። አንድ ጊዜ 10,000 ተብሎ የመጣልኝ ጣሳ በእጄ ስመዝነው ቀለለኝ። ለካሁት፤ 3,100። ኤሌክትሮሊቲክ 20 ከመቶ ወዲህ ወዲያ ቢል ያለ ነው። 69 ከመቶ ግን ሌብነት ነው።

አምፕሊፋየሩ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቀይዋ አሁንም መግቢያው ላይ ናት። እንግዳ ሲመጣ ሽፋኑን አልከፍትም፤ የሚታይ ነገር የለም።

ሁለቱ ቢጫዎች ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ኖሩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ መሳቢያውን ስትበረብር አገኘቻቸው። አገላብጣ አየቻቸው። 0.1፣ 630 ቮልት።

“እነዚህ እኮ ለቱቦ አምፕሊፋየር ልክ ናቸው” አለች።

እውነቷን ነው። 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገዛሁ። ሁለት ቱቦ ገዛሁ። ሶኬታቸውንም አገኘሁ። ቢጫዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተመልሰው ተጋድመዋል፣ ያምራሉ።

ትራንስፎርመሩን ግን ገና አልገዛሁም።